ባለ አንድ መኝታ፣ በር ያለው

አክስትየው እስከዛሬ የአርባ አንድ ቤት መስኮት ለክታለች። አንድም መጋረጃ አላሰፋችም። ሥራዋ ይሄ ነው፣ ሥራ ከተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቷ ልጅ የቤት ደላላ ነው። ደላላ ሲባል ታዲያ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጮኸውን እንዳታስቡ። ይሄኛው ከረባት ያስራል፣ ቁልፎቹን በቁጥር ለይቶ በቦርሳ ይይዛል፣ "ቤት" ማለትም አይወድም፣ "ንብረት" ነው የሚለው። ንብረቱ አልሸጥ ሲለው፣ ወይም ገዢው "እስቲ ላስብበት" ብሎ እግሩን ወደ መውጫው ሲያዞርበት፣ አክስቱን ያስጠራል። እሷም ጫማዋን ወልውላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ በሕይወቷ አይታው የማታውቅ መስላ ትገባለች። ግድግዳውን ታንኳኳለች፣ ቧንቧውን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፣ "እንዲህ ያለ ቤት አሁን የት ይገኛል" ትላለች። ከዚያ ደላላው ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ "ብርሃኑን እንዴት አዩት፣ እመቤት?" ይላል። ምልክቷ ይቺ ናት። አክስትየው ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር ታወጣና መስኮቱን ለመጋረጃ መለካት ትጀምራለች። ያቺ ሜትር ስትዘረጋ ያየ ገዢ፣ ሲያቅማማ የቆየው ሰውዬ፣ ቤቱን ተቀማሁ ብሎ እዚያው ይዋዋላል።

በደላሎች ቋንቋ አሟሟቂ ትባላለች። ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነበረች ማለት ይቻላል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። እሷ "ማን ልበል?" ስትል ትልቅ ነኝ ባይ ሁሉ ስሙን እንደ ተማሪ ይናገር ነበር። ጡረታ የወጣችው እሷ እንጂ ድምጿ አይደለም።

የሚገርመው ደላላው "እርስዎ" የሚላት እዚያ ብቻ መሆኑ ነው። ቤት ሲገቡ "አንቺ" ነው። የእህት ልጅ አንቺ ቢላት አይከፋትም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል፤ የሚከፋው ከአንቺው ጀርባ ተሰልፎ የሚመጣው ነው። አክስቴ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጫቸው። አክስቴ፣ ሸሚዜን ብትተኩሺልኝ። አክስቴ፣ ቲቪውን ቀንሺው፣ ስልክ ላይ ነኝ። እሷም "ይሄ ልጅ የሚያከብረኝ በማያውቀኝ ጊዜ ብቻ ነው" እያለች ትስቃለች። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ባሏ የሞተ ጊዜ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው፣ ደላላው ከጎኗ ተቀምጦ "ብቻሽን ምን ልትሆኚ? ቤትሽን እንሽጠውና እኛ ጋ ነይ፣ አንድ ደህና ቤት እስክፈልግልሽ" አላት። ሸጠላት። ኮሚሽኑንም አልማራትም። ገንዘቡ ባንክ ገባ፣ እሷ ሳሎን ገባች። ከሶፋው ጀርባ አልጋ ተዘረጋላትና ሰማያዊ አበባ ያለበት መጋረጃ ተጋረደላት። ከአልጋው ሥር የቤቱ ካውያ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚያ ቤት ልብስ የማይተኮስበት ቀን የለም፣ ስለዚህ መጋረጃው የማይገለጥበት ሰዓት የለም። የደላላው ሚስት ክፉ አይደለችም፣ "ይቅርታ እትዬ" ትላለች። የምትለው ግን ከገለጠች በኋላ ነው። አክስትየው አንድ ቀን ቀሚሷ ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ፣ እጇ እጅጌው ውስጥ እንደተያዘ፣ ልጆቹ ከነጓደኞቻቸው ደርሰውባታል። አልጮኸችም። ቀሚሱን ወደ ታች ጎትታ "ሰላም ናችሁ ልጆች" አለቻቸው፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ እስኪበቃት አለቀሰች፣ በሩን የሚያንኳኳ ሰው እስኪመጣ ድረስ።

"ቤቱስ?" ትለዋለች ደላላውን በየጊዜው። "እየፈለግኩልሽ ነው አክስቴ። ላንቺ የሚሆን አልተገኘም እንጂ።" ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አርባ አንድ ቤት አብራው ገብታ ወጥታለች፣ ከአርባ አንዱ አንዱም ለእሷ የሚሆን አልነበረም። እሱ በበኩሉ ባንክ ያለውን ገንዘቧን ቢሮ ከከፈተበት ቆይቷል፣ በልቡ መሆኑ ነው። የቢሮውን ምንጣፍ ቀለም ሳይቀር መርጧል።

አርባ ሁለተኛው ቤት የመጣው ታዲያ እንዲህ ባለ ማስታወቂያ ነበር፦ "ከጦርነቱ በፊት በነበሩ ባለሙያዎች የታነጸ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ታሪክ የሚሸት ንብረት።" የትኛው ጦርነት ብሎ የጠየቀ የለም። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ቤት ዋጋው ይጨምራል፣ ከጦርነቱ በፊት የተወለደን ሰው ግን ሳሎን ያስተኙታል። የሚሸተውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እርጥበት ነው።

ገዢ ከመምጣቱ በፊት ንብረቱን ማሰናዳትም የአክስትየው ድርሻ ነበረና፣ ሐሙስ ዕለት መጥረጊያዋን ይዛ ሄደች። ደረጃው ሰፊ ነው፣ መሀል መሀሉ በሰው እግር ጎድጉዷል። ሦስት ፎቅ ወጣች። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ በዚያ ቀን ግን ሐኪም ቤት ሄዷል። ሁለት የሠፈር ጎረምሶች አስመጥታ ትልቁን ቁም ሳጥን የረጠበው ግድግዳ ላይ አስገፋች፣ ወለሉ ላይ ሲጥ ሲጥ የምትለዋን ሳንቃ በምንጣፍ ሸፈነች፣ ቧንቧው ዝገቱን ተፍቶ እስኪጠራ ውሃውን ለቀቀችው። ከዚያ መኝታ ቤቱን ልትጠርግ ገባችና ከኋላዋ በሩን ዘጋችው።

በሩ ድፍን እንጨት ነው። እጀታው ናስ፣ ቁልፉ ሁለቴ የሚዞር። ዛሬ የሚሠራው በር ጎረቤት ሲያስነጥስ ይከፈታል። ይሄኛው ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ደረጃው ላይ የሚያወራው ሰው ድምፅ እንኳ ጠፋ። አክስትየው ቁልፉን አንዴ አዞረች። ደግማ አዞረች። ፍራሽ የሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የእግሯን ጣቶች እያንቀሳቀሰች አየቻቸው። ማንም አልመጣም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ለራሷ፣ በዚያ በኦፕሬተር ድምጿ፣ "ይሄን ቤት እገዛዋለሁ" አለች።

ማታውኑ ለደላላው ነገረችው። ሳቀ። "ጎበዝ! ቅዳሜም ልክ እንደዚህ አድርገሽ በያት" አላት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ብርሃኑ በሚያምርበት ሰዓት፣ ገዢው መጣ። የጥርስ ሐኪም ነው። ቤቱን የሚፈልገው ሊኖርበት አይደለም፣ ሊያከራየው ነው። ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ አፍ የተከፈተለት ነው የሚመስለው፣ አንገቱን ወዲህ ወዲያ ያዞራል፣ ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል። አስተማሪው ደግሞ ደላላው ስንቴ "ባለቤት ባይኖር ይሻላል" ብሎ ቢለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ።

አክስትየው ገባች። ደላላው "እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤት፣ ቀጠሮ ነበረዎት መሰለኝ" አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ። እሷ ግን ዛሬ ግድግዳ አላንኳኳችም፣ ቤቱንም አላወደሰችም። አርባ አንድ ጊዜ ያልፈራች ሴት ዛሬ ፈራች። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ሰው እንዲህ ነው፣ ትወናው ይጠፋበታል።

"ብርሃኑን እንዴት አዩት፣ እመቤት?"

ሜትሩን አወጣች። ወደ መስኮቱ ግን አልሄደችም። መኝታ ቤት ገብታ ከበሩ እስከ ግድግዳው ለካች፣ አልጋዋ የሚያርፍበትን። ተመልሳ ወጣችና "እገዛዋለሁ" አለች።

ደላላው ይሄን አዲስ ነገር ባየ ጊዜ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ወደ ሐኪሙ ዞሮ "እንግዲህ ዶክተር፣ እንዳዩት ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" አለው። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ፣ "በተባለው ዋጋ እኔ እወስደዋለሁ" አለ።

"እኔ የምሬን ነው" አለች አክስትየው።

ደላላው ጠቀሳት። በርቺ ማለቱ ነው።

"የምሬን ነው እኮ የምልህ።"

ይሄኔ ከወጥ ቤት የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አስተማሪው ቀስ ብሎ መጥቶ አክስትየውን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከታት፣ ሒሳብ ተሳስቶ የመጣ ተማሪ በሚያዩበት ዓይን። "እመቤት" አለ፣ "አምና ሁለተኛ ፎቅ የጎረቤቴን መስኮት ሲለኩ አይቼዎት ነበር። መጋረጃው ተሰፋ?"

ደላላው ከረባቱን ነካካ። "ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ መምህር..."

"ሜትሩም ይመሳሰላል?" አለ አስተማሪው። "አርባ ዓመት የሚኮርጅ ልጅ ስይዝ ነው የኖርኩት። ይሄ ቲያትር ነው። ቤቴን በቲያትር አልሸጥም። ውጡልኝ፣ ሁላችሁም።"

ሐኪሙ ግራ ገብቶት አንዱን ካንዱ ያያል። አክስትየው አርባ አንድ ጊዜ ስትዋሽ አምነዋታል፣ አንድ ጊዜ እውነት ብትናገር የሚያምናት ጠፋ። የእጇን ነው ያገኘችው፣ ሌላ ምን ይባላል። ሐሙስ የዘጋችው በር በጎን በኩል ይታያታል፣ ናሱ በፀሐይ ያብለጨልጫል። አሁን ከወጣች የምትመለሰው ወደ ካውያው ነው።

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ትከሻዋን ደግፋ ገፋችው። አልነቃነቅ አለ። "ዶክተር፣ እባክዎ አንዴ" አለችው። ሰውዬው የታዘዘ ይመስል ገፋ። ግድግዳው ተገለጠ፣ ከታች እስከ ወገብ ጠቁሮ፣ ቀለሙ ተቀርፎ።

"ይሄ እርጥበት ነው" አለች። "ቀለም ብቻ አይመልሰውም፣ ከውጭ የዝናቡ ቧንቧ ነው የሚያፈሰው። ይሄ ምንጣፍ ሥር ያለው ሳንቃ ደግሞ ለቋል። እዚህ ጋ ይርገጡ፣ ሰሙት? ውሃው ጠዋት ጠዋት ዝገት ነው፣ አሥር ደቂቃ ካልለቀቁት አይጠጣም። ከላይ ያሉት ሰዎች ሲታጠቡ ቧንቧው እንደ ሕመምተኛ ያቃስታል። መስኮቱ ክረምት ያብጥና አይዘጋም። ደረጃው..."

"አክስቴ!" አለ ደላላው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወደ ደላላው ዞረ። "አክስትህ ናቸው?" አለው። መልስ አልጠበቀም። ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ፣ ደረጃው ላይ ሲወርድ ጫማው ለብቻው ተሰማ።

ደላላው ፊቱ ጠቁሮ ቆመ። አስተማሪው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "ገበያ ላይ" አለ፣ "የሚያወድስ መንገደኛ ነው፣ የሚያጣጥል ገዢ ነው። አሁን ነው ገዢ የሆኑት። ዋጋ ይጥሩ።"

ጠራች። አሳነሰች። እሱ ጨመረ። "ሳንቃውን እኮ ራስዎ ነዎት የሸፈኑት" አላት። "የሸፈንኩት ለሌላ ሰው ነው" አለችው። እንደገና ቀነሰች፣ እንደገና ጨመረ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር፣ ሳያስታውቁ። ደላላው መሀላቸው ቆሞ እንደ ኳስ ተመልካች አንገቱን ያመላልሳል። በመጨረሻ ተስማሙ።

"አክስቴ" አለ ደላላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ እኛ ምን አጎደልንብሽ?"

"በር" አለችው።

አስተማሪው ይሄን አልሰማም፣ ወይም የሰማ አልመሰለም። ጉልበቱን እያሸ ስለ ራሱ ያወራ ጀመር። ሦስት ፎቅ አቅቶታል። የሴት ልጁ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ና አባባ እያለች መለመን ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። "ቦታም አዘጋጅታልኛለች" አለ፣ ፊቱ በርቶ፣ "ሳሎኑ ሰፊ ነው። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ አልጋ ዘርግታ፣ ራሷ በእጇ መጋረጃ ሰፍታልኛለች።"

አክስትየው አፏን ከፈተች። የቤቱን ጉድለት ሁሉ አንድ በአንድ የዘረዘረች ሴት፣ ይቺን አንዷን ብትናገር ሰውዬው ተነስቶ "አልሸጥም" ሊል እንደሚችል አወቀች። "ደስ ይላል" አለች። ደስ እንደማይል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ራሷንም እዚያው ጠላች።

በሳምንቱ ተፈራረሙ። ደላላው ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ተቀበለ፣ ፊቱን እንዳጠቆረ፣ እጁን ግን ሳያጥፍ። ፊርማው ተጠናቆ ቁልፉ እጇ ከገባ በኋላ አክስትየው አስተማሪውን ደረጃው ሥር ጠበቀችው። ከውል በኋላ እውነት መናገር የደላላ ቤት ትምህርት ነው፣ ስድስት ዓመት ኖራበት ምን ትማር?

"መምህር" አለችው፣ "መጋረጃውን እሺ አይበሉ። በር ያለው ክፍል ስጡኝ ይበሏቸው።"

"የኔ ልጅ እንደዚያ አይደለችም" አለ እየሳቀ።

"የኔውም እንደዚያ አልነበረም" አለችው። ከዘራውን ይዞ ሄደ።

የመጀመሪያውን ወር መስኮቷን አልለካችም፣ መጋረጃም አልሰቀለችም። ሦስተኛ ፎቅ ማን ያያል። የሳንቃውን ጩኸት ለመደችው፣ የቧንቧውንም ማቃሰት እንደ ጎረቤት ሰላምታ ቆጠረችው። ደላላው አንድ ቀን ደወለ። ድምፁ ማር ነው። "አክስቴ፣ ሁለት መኝታ ያለው አንድ ንብረት ይዣለሁ፣ ገዢው እያቅማማ ነው። ሜትርሽን ይዘሽ ብቅ ብትይልኝ።"

"እመጣለሁ" አለችው። "ቤቱ ጉድለቱ ምንድን ነው?"

"ተይው በቃ" አለ። "ደህና ዋይ።"

ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ። ደላላው ነው ብላ አሰበች። ስድስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ሲገልጥ አንድ ቀን "ልግባ?" ያላላት ልጅ ዛሬ አንኳክቶ ይጠብቅ ብላ ጫማዋን በዝግታ አደረገች፣ ጸጉሯን አስተካከለች፣ በሩ ሥር ቆማ በዚያ በጥንቱ ድምጿ "ማን ልበል?" አለች።

"የድሮው ባለቤት" አለ ትንፋሹ የተቆራረጠ ድምፅ።

ከፈተች። አስተማሪው ሦስት ፎቅ በዚያ ጉልበቱ ወጥቶ የበሩን መቃን ይዞ ቆሟል። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ልጁ ደህና ናት፣ አለ፣ ልጆቿም ደህና ናቸው፣ ምንም አላጎደሉበትም። የመጣው እንዲያው በዚህ ሲያልፍ ነው። ሲያልፍ፣ ሦስት ፎቅ ወደ ላይ።

"ከአልጋዎ ሥር ምን ያስቀምጣሉ?" አለችው።

ሰውዬው ወለሉን አየ። "የልጆቹን ብስክሌት" አለ።

"የኔ ካውያ ነበር" አለችው።

ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። ወደ መኝታ ቤቱ መራችው፣ የአልጋውን ልብስ አነሳችለት፣ ወጣችና በሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማች። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ወጥ ቤት ገብታ ውሃው እስኪጠራ ለቀቀችው፣ ሻይ ጣደች፣ እስኪፈላ እጇን አጣምራ ጠበቀች። ሻዩን በሁለት ብርጭቆ ቀዳችና በትሪ ይዛ መጣች። ከዚያ በገዛ ቤቷ፣ የገዛ ራሷን በር አንኳክታ፣ "ይግቡ" እስኪላት ድረስ ቆመች።